ዱላው የሚወድቀው ቅብብሉ ላይ ነው፦ ከክትባት ካርድ እስከ ዜሮ ክፍል

የኢትዮጵያ ስም በዓለም የሩጫ ሜዳዎች የገነነ ነው፤ በዱላ ቅብብል ግን አይደለም። 4 በ100 ወይም 4 በ400 ሜትር አይታችሁ ከሆነ፣ አራት ፈጣን ሯጭ መያዝ ብቻውን እንደማይበቃ ታውቃላችሁ። አንዱ ለሌላው ዱላውን የሚያቀብልባት አጭር ክልል አለች። ዱላው ሲወድቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው እዚያች ላይ ነው። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ እዚያም ነገሩ ብዙ አይለይም። ቧንቧ ሲያፈስ መጀመሪያ የሚፈተሸው መጋጠሚያው ነው።

ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ሩጫም ስለ ቧንቧም አይደለም። አካል ጉዳት ኖሮባቸው ለትምህርት ቤት ገና ስላልደረሱ ሕፃናት፣ እነሱን ለማገልገል ስለተቋቋሙ መሥሪያ ቤቶችም ታሪክ ነው። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ሆስፒታል አለ፣ የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለ፣ ትምህርት ቤትም አለ። ታዲያ ልጁ የሚጠፋው የት ላይ ነው?

አንድ እግር፣ ሦስት መሥሪያ ቤት

ዘንዘልማን እንውሰድ። ከባሕር ዳር ዓባይን ተሻግራችሁ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ጥቂት ስትጓዙ የምታገኟት ቀበሌ ናት። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ ግቢም እዚያው ነው። በአንድ በኩል ገበሬ በሬ ጠምዶ ያርሳል፣ በሌላ በኩል ተማሪ ላብራቶሪ ይገባል። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ከወንዙ ማዶ፣ ከተማው ውስጥ ነው። ለምሳሌነት የመረጥኳት ለዚህ ነው፤ እዚህ ላይ «ችግሩ ርቀት ነው» ብለን ማምለጥ አንችልም።

እንግዲህ በዚህ ቀበሌ አንዲት ልጅ ተወለደች እንበል። እግሯ ወደ ውስጥ ተቆልምሟል። ሐኪሞች ክለብፉት ይሉታል፤ በዓለም ላይ ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት አንድ ወይም ሁለት ያህሉ እንዲህ ሆነው ይወለዳሉ። እርግማን አይደለም። እናትየዋ በእርግዝናዋ ወራት ያየችው ነገርም አላመጣውም። ከእግሩ ውስጠኛና ኋለኛ ክፍል ያሉት ጅማቶች አጥረው ስለሚገትሩት ነው እግሩ የሚታጠፈው።

ሕክምናው ኢንጂነር የሚያስደስት ዓይነት ነው። በስፔን ተወልዶ በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያዳበረው ዘዴ ነው። የሕፃን ጅማት ቀስ ተብሎ ተስቦ በዚያው ከተያዘ ከአዲሱ ርዝመት ጋር ይላመዳል። ስለዚህ እግሩ በእጅ በጥቂቱ ይቃናና በጀሶ ይታሰራል። በሳምንቱ ጀሶው ተፈትቶ ደግሞ ትንሽ ይቃናል። አምስት ስድስት ጊዜ ያህል እንዲህ ከተደረገ በኋላ፣ በብዙዎቹ ሕፃናት ላይ የተረከዙ ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና እንዲላላ ይደረጋል።

ሥራው ግን እዚህ አያልቅም። እግሩ ወደ ነበረበት እንዳይመለስ በዘንግ የተያያዘ ጥንድ ጫማ ይደረግለታል፤ መጀመሪያ ለሦስት ወር ቀንና ሌሊት፣ ከዚያ በእንቅልፍ ሰዓት እስከ አራት ወይም አምስት ዓመት ዕድሜ። ጫማው ከቀረ እግሩ እንደገና የመቆልመም ዕድሉ ከፍተኛ ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩን ልብ በሉ፦ ጀሶው የሁለት ወር ጉዳይ ነው፣ ጫማው ግን የአራት ዓመት።

ታዲያ ማን ምን ይሠራል? ጀሶው የጤናው ዘርፍ ሥራ ነው። የድጋፍ ጫማ፣ ክራንችና ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራባቸው የአካል ተሐድሶ ማዕከላት ደግሞ በአገራችን ለብዙ ዓመታት የቆዩት በሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሥር ነው። ባሕር ዳርም ውስጥ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደግፈው የቆየ እንዲህ ያለ ማዕከል አለ። ልጅቷ ለፊደል ስትደርስ ደግሞ ተረካቢው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። ሦስት በር፣ ሦስት መዝገብ፣ አንዲት ልጅ። ከአንዱ በር ወደ ሌላው የሚወስዳት ማን ነው? እናቷ ናት፣ በጀርባዋ አዝላ።

መጀመሪያ ሁሉም ለየብቻው ሮጠ

ይህ ክፍፍል ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እያንዳንዱ በር በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ምክንያት ተከፈተ።

በጣና ዙሪያም ሆነ በጎጃም በየአብነት ትምህርት ቤቱ ዓይነ ስውር ተማሪ እንግዳ ነገር አልነበረም። ዜማውም ቅኔውም በቃል ስለሚጠና፣ ማየት የተሳነው ልጅ ከጓደኞቹ ጋር መቀጸል ይችል ነበር፤ ስመ ጥር መምህር የሆኑም አሉ። በሩ የተከፈተው አዋጅ ስለወጣ አይደለም፤ የማስተማሪያው መንገድ ለጆሮ የተመቸ ስለነበረ ነው። በዚያው መጠን ግን መስማት ለተሳነው ልጅ ዝግ ነበር። ይህ ነገር ዛሬም ትምህርት ይሰጠናል፦ ጉዳት ያለበት ልጅ ይማር አይማር የሚወስነው አካሉ ብቻ ሳይሆን በሩ የተሠራበት መንገድም ነው።

ዘመናዊው ልዩ ትምህርት የተጀመረው በ1917 ዓ.ም. ገደማ፣ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናውያን በደምቢ ዶሎ ዓይነ ስውራንን ብሬል ማስተማር ሲጀምሩ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ በመናገሻ የተከፈተው የቼሻየር ማዕከል ደግሞ ፖሊዮ ያሽመደመዳቸውን ልጆች ይረዳ ነበር። ሁለቱም የበጎ አድራጎት ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱም ልጁ ወደ እነሱ እስኪመጣ ይጠብቃሉ።

መንግሥት ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ያቆመው በ1963 ዓ.ም. ነው። በትእዛዝ ቁጥር 70 አካል ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም ድርጅት ተመሠረተ። ሕጉ አካል ጉዳተኛን የተረጎመው በዋናነት ሠርቶ ለመኖር በመቻልና ባለመቻል ነበር። በጊዜው ትልቅ እርምጃ ነው። ግን እስቲ አስቡት፣ በዚህ መነጽር የሦስት ዓመት ልጅ እንዴት ትታያለች? በዚያ ዕድሜ ሠርቶ የሚበላ ሕፃን የለም! ስለዚህ የማኅበራዊ ጉዳይ በር ሲሠራ ጀምሮ በአመዛኙ ለአዋቂ ቁመት የተለካ ነበር።

ክትባቱ መንገድ ጠረገ

ሕፃናትን ደጃቸው ድረስ ሄዶ ያገኛቸው የጤናው ዘርፍ ነው። በ1972 ዓ.ም. የክትባት መርሐ ግብር ተጀመረ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መጣና በየገጠር ቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እንዲመደቡ ሆነ።

እስቲ የምናስባት ልጃችን ስንት ጊዜ እንደምትታይ እንቁጠር። እንደተወለደች፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ በ9ኛው ወር፣ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ከገባበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በ15ኛው ወር። ስድስት ጊዜ መሆኑ ነው። ስድስት ጊዜ ባለሙያ ያያታል፣ ስድስት ጊዜ ካርዷ ላይ ይጻፋል።

ከዚያስ? ቫይታሚን ኤን የመሳሰሉ ዘመቻዎች አሉ። እያንዳንዱን ልጅ በስሙ፣ በቀጠሮ የሚጠራ መርሐ ግብር ግን እስከ ዜሮ ክፍል ድረስ የለም፤ ወደ አራት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ማለት ነው። ልጅ ቃል የሚለቅመው፣ የሚሮጠው፣ «ይሄ ምንድን ነው?» እያለ ቤተሰቡን የሚያደክመው በዚሁ ጊዜ ነው። የሰው አንጎል ስድስት ዓመት ሲሞላው ከአዋቂ አንጎል መጠን ወደ 90 በመቶው ይደርሳል። መስማት የተሳናት ልጅ ምልክት ቋንቋ ሳታገኝ እነዚህ ዓመታት ካለፉ፣ ጉዳቱ የጆሮ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ ማንኛውንም ቋንቋ ለመልመድ ትቸገራለች።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ፖሊዮን ለማጥፋት በተዘረጋው ክትትል፣ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እግሩ ወይም እጁ በድንገት ከዛለ ሪፖርት ይደረጋል። ሁለት የሰገራ ናሙና ተወስዶ፣ እንደቀዘቀዘ፣ አዲስ አበባ ላብራቶሪ ይደርሳል። ከመንደር ሰው እስከ ጤና ኬላ፣ ከወረዳ እስከ ላብራቶሪ ያለው ቅብብል የተዋጣለት ነው። አፍሪካ በ2012 ዓ.ም. ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ የተረጋገጠው እንዲህ ባለ ሥራ ነው። ግን ልብ በሉ፦ የተጠረገው የናሙናው መንገድ ነው። ክትትሉ የተሠራው ቫይረሱን ለማግኘት እንጂ፣ የዛለችውን ልጅ ወደ ተሐድሶ ማዕከልና ወደ አፀደ ሕፃናት ለማድረስ አይደለም። ስለዚህ «እኛ አገር ቅብብል አይቻልም» የሚል ካለ ተሳስቷል። ይቻላል፤ ዱላው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ከተወሰነ።

ሦስት ሚኒስቴሮች በአንድ ሰነድ

በ2002 ዓ.ም. ትልቅ ነገር ተሞከረ። የትምህርት፣ የጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። አራት ምሰሶ ነበረው፦ የወላጆች ትምህርት፣ የሕፃናት ጤናና ቅድመ ማነቃቂያ፣ አፀደ ሕፃናት፣ እንዲሁም ማኅበረሰቡ ውስጥ የሚሰጥ የትምህርት ዝግጅት። ከእርግዝና እስከ አንደኛ ክፍል ያለው መንገድ በአንድ ሰነድ ላይ ተሣለ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን ያጸደቀችውም በዚያው ዓመት ነው።

አሁን ሦስቱን ስሞች እንደገና አንብቧቸው። የተሐድሶ ማዕከላቱም የአካል ጉዳት ጉዳይም የነበሩት ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ጋ ነው፤ እሱ ግን ከሦስቱ ውስጥ የለም። ክፋት አልነበረበትም፤ ሰነዱ የተጻፈው ስለ ሕፃናት ሁሉ ነው። ግን ጫማው የሚሠራበት በር ከካርታው ውጭ ቀረ።

ውጤቱስ? ማዕቀፉ ሲወጣ ቅድመ መደበኛ ትምህርት የሚያገኘው ከአሥር ልጆች አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ከአሥር ወደ አራት ገደማ ደረሰ። ትልቅ እመርታ ነው፤ አብዛኛው ግን የመጣው በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በተከፈተው ዜሮ ክፍል ነው። አንዱ ሯጭ ፈጥኖ ወጣ፣ ርክክቡ ግን እንደነበረ ቀረ። ዜሮ ክፍል የሚመዘግበው በእግሩ የመጣውን ልጅ ነዋ!

በ2014 ዓ.ም. መንግሥት ሚኒስቴሮችን ሲያዋቅር የሴቶች ጉዳይና ማኅበራዊ ጉዳይ በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። ከመጋጠሚያዎቹ አንዱ የቤት ውስጥ ሆነ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛ ደረጃን ሁለት ዓመት አደረገው። በሩ ሰፍቷል። አሁንም የቀረው ቅብብሉ ነው።

ዱላውን ያቀበሉ ሰዎች

ሌላ አገር እንዴት አደረጉት? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች የመማር መብት የሚሰጥ ሕግ ብታወጣም፣ ትንንሾቹ በብዙ ቦታ ተረስተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ሕጉ ተሻሻለ። በፕሮግራሙ የሚሳተፍ እያንዳንዱ ግዛት መሥሪያ ቤቶቹን አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ምክር ቤት እንዲኖረው ተደረገ። ይበልጥ የሚገርመው ግን ሌላው ነው፦ ለእያንዳንዱ ሕፃን ከቤተሰቡ ጋር አንድ የጽሑፍ ዕቅድ ይዘጋጃል፣ ዕቅዱን የሚከታተል አንድ ሰውም በስሙ ይጻፋል። ሦስት ዓመት ሲሞላው ወደ ትምህርት ቤቱ እንዴት እንደሚተላለፍም በዚያው ዕቅድ ላይ ይሰፍራል። በሌላ አነጋገር፣ ርክክቡ ራሱ በሕግ ሥራ ሆነ።

እኛ አገር ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ የሠሩት ወላጆች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ቦታ ቢያጡ፣ በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ በሚባለው መንገድ ሠራተኞችን ቤት ለቤት ሲልክ ቆይቷል፤ ሠራተኛው ልጁን እቤቱ ያገኘዋል፣ ለቤተሰቡ ያሳያል፣ ወደሚቀጥለው በር ይመራል። ዕቅዱ ሰፊ አይደለም፣ ሐሳቡ ግን ልክ ነው፦ በሮቹ መሀል የሚቆም ሰው ያስፈልጋል።

ዘንዘልማ ላይ ይህን ለመጀመር አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የእያንዳንዱን ቤት መዝገብ ይዛለች። የ15ኛው ወር ክትባት የመጨረሻው ቀጠሮ ከሆነ፣ ያኔውኑ «ትሰማለች? ቆማ ትሄዳለች? ዓይን ለዓይን ታያለች?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መጻፍ ይቻላል። ጀሶው የሚፈታ ከሆነም፣ ጫማው ከየት እንደሚመጣና ማን እንደሚደውል ከመፈታቱ በፊት ይጻፋል።

በመስከረም የዜሮ ክፍል ምዝገባ ሲጀመር፣ ትምህርት ቤቱ የሚያውቀው የመጡትን ልጆች ነው። የጤና ኬላው መዝገብ ግን የተወለዱትን ያውቃል። ከሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ቀንሱ፤ የሚቀረው ቁጥር እቤት የቀሩት ልጆች ናቸው። ሁለቱ መዝገቦች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን የሚከፈቱበት አንድ ቀን ቢኖር፣ ያ ቁጥር ስም ያገኛል።