ባሕረ ሐሳብ፦ የቀሪዎች ስሌት

ባሕረ ሐሳብ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት የዘመን ቁጥር ነው። ትውፊቱ ለ12ኛው የእስክንድርያ ፓትርያርክ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። በ13ኛው መቶ ዘመን በዐረብኛ የተጻፈው የአቡሻኸር መጽሐፍም ወደ ግእዝ ተመልሶ ትምህርቱን አስፍቶታል። የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት መስከረም 1 ቀን ለምእመናን ይታወጃሉ። መሪጌታው ስሌቱን በቃል ያወጣዋልና ዘዴው አጭር መሆን ነበረበት።

የ2017 ዓ.ም. ስሌት አካሄዱን ያሳያል። 5500ና 2017 ሲደመሩ 7517 ይሆናሉ። ይህ በ19 ሲገደፍ (ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) 12 ይተርፋል፤ ከዚያ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። 19 የተመረጠው ጨረቃና ፀሐይ በ19 ዓመት ተመልሰው ስለሚገናኙ ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1 ይወጣል፤ 11 ደግሞ የፀሐይ ዓመት ከጨረቃው የሚበልጥበት ቀን ነው። መጥቅዕ 29 ሲሆን ከአበቅቴ ጋር 30 ይሞላል፤ ድምሩ 30 ካልመጣ የተሳሳተ ነገር አለ። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29፣ ረቡዕ ዋለ። የረቡዕ ተውሳክ (ጭማሪ) 4 ስለሆነ ከመጥቅዑ ጋር ድምሩ 33 ነው፤ 30 ሲገደፍ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ትገባለች። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነውና በ3ቱ ላይ ተደምሮ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ።

ፍጥነቱ የመጣው ትልቁን ቁጥር ጥሎ ቀሪውን ብቻ ከመያዝ ነው። ለ2018 ከመነሻው ማካፈል አያስፈልግም፦ አበቅቴው 11 ጨምሮ 12፣ መጥቅዑ 11 ቀንሶ 18 ይሆናል። ተውሳኮቹም ተሰልተው የተቀመጡ ናቸው፤ የሚፈለገውን ማንሣት ብቻ ይበቃል።

ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ የሚጀምር ተማሪ ይህንኑ ስሌት ሲጽፍ ከዓመት 1 ጀምሮ ቀን በቀን የሚቆጥር ሉፕ መዘርጋት ይቀናዋል። ሉፑ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን መቶ ሺዎች ዙር በከንቱ ይዞራል። የፓይተን የቀሪ ምልክት (%) ያንኑ ሥራ በአንድ መስመር ይጨርሳል፤ የ7ቱ ዕለታት ተውሳክ በዝርዝር ይቀመጣል። የ19 ዓመቱ የጨረቃ ዑደትና የ28 ዓመቱ የፀሐይ ዑደት ሲባዙ 532 ይሰጣሉ፤ ሊቃውንቱ ዐቢይ ቀመር የሚሉት ይህንን ነው። ከ532 ዓመት በኋላ ፋሲካ በዚያው ቀን ይመለሳል፣ ስለዚህ የማንኛውንም ዓመት ፋሲካ ለማውጣት 532 ተራ ያለው አንድ ሰንጠረዥ ይበቃል።