ፍሬዲ ሜርኩሪ ያለ ኩዊን

የባንድ መሪ ድምፃዊ ለብቻው አልበም ባወጣ ቁጥር ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ተጣልተው ነው ወይ?» የሚል ነው። የኩዊን ባንድ መሪ ድምፃዊ ፍሬዲ ሜርኩሪ በሚያዝያ 1985 እ.ኤ.አ. «ሚስተር ባድ ጋይ» የተሰኘውን የመጀመሪያ የግል አልበሙን ሲያወጣ ግን ጠብ ፍለጋ ብዙ አያራምድም። የኩዊን ከበሮ መቺ ሮጀር ቴይለር ገና በ1981 የራሱን አልበም አውጥቶ ነበር፤ ጊታሪስቱ ብራያን ሜይም በ1983 ከሌሎች ሙዚቀኞች ጋር የሠራውን አሳትሟል። ፍሬዲ እንዲያውም ዘግይቷል። የአልበሙ ቁም ነገር ሌላ ይመስለኛል፤ ሦስቱ ባልደረቦቹ ለዚያ ድምፅ ምን ያደርጉለት እንደነበር እነሱ በሌሉበት ያሳየናል።

ማስረጃው የሚታመነው ሌላው ነገር ብዙም ስላልተለወጠ ነው። ቀረፃው የተካሄደው ኩዊን በሚሠራበት ሙኒክ፣ ሙዚክላንድ ስቱዲዮ ነው፤ አብሮት ፕሮዲውስ ያደረገው ራይንሆልድ ማክም የኩዊንን አልበሞች የሠራ ሰው ነው። የጎደለው «ይሄ አይሆንም» ባይ ነው። ኩዊን ውስጥ አራቱም ዘፈን ይደርሱ ነበር፣ አራቱም በሕዝብ የተወደደ ሥራ አላቸው፤ ስለዚህ የአንዱ ሐሳብ በሦስት የማይራሩ ጆሮዎች ማለፍ ነበረበት። እዚህ ግን 11ዱንም ዘፈኖች የደረሰው ፍሬዲ ብቻ ነው፤ ያማረውን ሁሉ አስገብቷል። የዲስኮ ምት አለ፣ ሬጌ ቀመስ ዜማ አለ፣ የአልበሙ መጠሪያ ዘፈን ላይ ኦርኬስትራ ሳይቀር አለ። (መታሰቢያነቱን ለድመቶቹ መስጠቱም ከልካይ እንዳልነበረው ይመሰክራል።) «አይ ዋዝ ቦርን ቱ ላቭ ዩ»ን ማዳመጥ ይበቃል። በ1985ቱ ቅጂ ኪቦርዱና የዳንሱ ምት ከድምፃዊው ጋር እኩል ይጋልባሉ፤ የሚገዳደረው የለም። እሱ ካረፈ በኋላ፣ በ1995፣ ባልደረቦቹ ያንኑ ድምፁን ይዘው ሙዚቃውን እንደገና ሠሩት፤ የሜይ ጊታር እየገባ ይመልስለታል፣ የቴይለር ከበሮ ከሥር ይገፋዋል። ድምፁ ያው፣ ዘፈኑ ሌላ።

እርግጥ አልበሙ አልወደቀም፤ በብሪታንያ ሰንጠረዥ 6ኛ ደርሷል። አሜሪካ ውስጥ ሳይሸጥ መቅረቱም ብዙ አያስፈርድበትም፣ ኩዊን ራሱ በዚያን ጊዜ እዚያ ተቀዛቅዞ ነበርና። ጠንከር ያለው መከራከሪያ «ሊቪንግ ኦን ማይ ኦውን» ነው፤ ያለ ኩዊን እርዳታ በ1993 በብሪታንያ 1ኛ ወጥቷል። ነገር ግን 1ኛ የወጣው ሪሚክሱ ነው፤ የ1985ቱ ነጠላ ዜማ ከ50ኛ አላለፈም። ከሞቱ በኋላ የነበረው ናፍቆት አግዞት ይሆናል፤ ያም ሆኖ ዘፈኑን ያነሳው እንደገና የሌሎች እጅ ነው።

አልበሙ በወጣ በሁለት ወር ተኩል፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1977፣ ኩዊን በረሃብ ለተጎዱ ኢትዮጵያውያን ገንዘብ ለማሰባሰብ በተዘጋጀው ላይቭ ኤይድ ላይ ዌምብሌይ ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫወተ። አዲስ አልበም ለሚያስተዋውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ገበያ አይገኝም፤ ፍሬዲ ግን ከአልበሙ አንድም አልዘፈነም። መድረኩ የባንዱ ስለነበር ነው ቢባል ልክ ነው። ከዚያ አራቱ ወደዚያው ሙዚክላንድ ተመልሰው ከዚያው ማክ ጋር «ዋን ቪዥን»ን ቀረፁ፤ በደራሲነት የተመዘገበውም የአራቱም ስም ነው።