ጦቢያ፣ አንባቢዎቿና የከፋ ምድር

ስለ አማርኛ ልብ ወለድ አጀማመር ጨዋታ በተነሣ ቁጥር ጠቡ የሚጫረው በአንዲት ቀጭን መጽሐፍ ላይ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተማት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ በባለታሪኳ ስም «ጦቢያ» እየተባለች የምትጠራው፣ መቶ ገጽ እንኳ አትሞላም። አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ የሚጨርሳት ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ ሲሟገትባት ይከርማል። ዛሬ ሁላችንም «ልብ ወለድ» የምንለው ስም የተለመደው ከዚችው መጽሐፍ ርእስ ነው። በአፍሪቃ ቋንቋ የተጻፈች የመጀመሪያዋ ልብ ወለድ ናት የሚሉም አሉ። ይሄ እንኳ ብዙ አያስኬድም፤ የሌሶቶው ቶማስ ሞፎሎ በሴሶቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1907፣ ማለትም አንድ ዓመት ቀድሟት ወጥቷል። በአማርኛ መጀመሪያነቷን ግን የሚነጥቃት የለም።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በክርስቲያንና በአረመኔ መካከል ጦርነት ይነሣል። ክርስቲያኑ ይሸነፋል፤ የጦር አለቃው ተማርኮ ባርያ ይሆናል። አንድ የማያውቀው ደግ ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ነጻ ያወጣዋል። ልጁ ዋሕድ የአባቱን ባለውለታ ፍለጋ ይወጣና በተራው በባርያ ነጋዴዎች እጅ ይወድቃል። መንትያ እኅቱ ጦቢያ ደግሞ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትነሣለች። ዞረው ዞረው ከአረመኔው ንጉሥ ቤት ይደርሳሉ። የንጉሡ ዘመድ የሆነች ልጅ ጦቢያን ወንድ መስላት በፍቅር ትያዛለች፤ ንጉሡም በበኩሉ ሴትነቷን ሲያውቅ ልቡ ይነደፋል። ጦቢያ አረመኔ አላገባም ትላለች። ንጉሡ ከነሕዝቡ ይጠመቃል፣ ዋሕድ ይገኛል፣ ሠርጉ ይደገሳል።

አንባቢ የሚለያየው ከዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን «ይሄ እኮ አያቶቻችን እሳት ዳር የሚያወሩት ተረት ነው» ይላል። አገሩ ስም የለው፣ ዘመኑ ቁጥር የለው፤ ችግር በጠና ቁጥር አንድ አጋጣሚ ከሰማይ ዱብ ይላል፤ ሰዎቹ እንደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ፊታቸው እንጂ ውስጣቸው አይታይም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው እንዴት ወደዚህ ይመለሳል? ባይ ነው። ሌላው ወገን «ታሪኩን ተወውና አማርኛውን አንብብ» ብሎ ይመልሳል። ይሄኛው ሐቅ አለው። የዘጌው ልጅ አፈወርቅ መጀመሪያ ወደ ኢጣሊያ የተላከው ሥዕል እንዲማር ነበር፤ በኋላም ኔፕልስ በነበረው የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምሯል። ሠዓሊነቱም አስተማሪነቱም በመጽሐፉ ላይ ይታያል፤ መልክዐ ምድሩን ሲስል ቃል አያልቅበትም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ይበዛበታል። አንድ ቅጽል ሲበቃው አራት ይደረድራል።

ተረትነቷን እንደ ነውር መቁጠሩ እኔን አይጥመኝም። ተረት ሆኖ ትልቅ ነገር የተናገረ መጽሐፍ በዓለም ሞልቷል፤ ሞፎሎ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው «ቻካ» ታሪክንና ምትሐትን አንድ ላይ ፈትሎ ነው አንባቢውን ለሁለት የከፈለው። በኛም አገር በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ገዳምና ሳይንስን፣ ምሥጢርና ጀብዱን ቀላቅሎ ሲመጣ አንዱ ሌሊቱን ሳይተኛ ጨረሰው፣ ሌላው «ይሄ የማይሆን ነገር ነው» ብሎ ወረወረው። ክርክሩ ያው ነው። ዶክተር ዮናስ አድማሱ እ.ኤ.አ. በ1995 ጦቢያን የአማርኛ ልብ ወለድ በኵር ልጅ ብለው እንደገና መመዘን እንዳለባት ጽፈዋል፤ ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1964 የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት አውጥተዋታል። ሊቃውንት እንዲህ የሚደክሙላት መጽሐፍ በ«ተረት ነው» አትዘጋም።

ከሁሉ የከረረው ጠብ ግን ስለ መጽሐፏ ሳይሆን ስለ ጸሐፊው ነው። አፈወርቅ በ1888 ዓ.ም.፣ አገር ለዐድዋ በተሰለፈበት ጊዜ፣ ወደ ኢጣሊያኖች ወገን ዞረ። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ምኒልክን የሚያወድስ የታሪክ መጽሐፍ ሮማ ላይ አሳተመ። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ«አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» አድልዎውን ነቅፎበታል። አፈወርቅ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ጉዳይ ፈጻሚ ሆኖ ሮማ ተቀመጠ። ፋሺስት ሲገባ ደግሞ «አፈ ቄሣር» ተብሎ ለወራሪው አደረ። ታዲያ «የባንዳን መጽሐፍ ምን ብዬ የሥነ ጽሑፋችን አባት እላለሁ?» የሚል ተማሪ በየማደሪያው ብታገኙ አትገረሙ። ቁጣው ተገቢ ነው። ይሁንና ጦቢያ ስትጻፍ ፋሺዝም የሚባል ነገር በዓለም አልነበረም። ሰውየው በ1928 የሠራውን ኃጢአት በ1900 በጻፈው ላይ ማንበብ ዳኝነትን ከጊዜ ማጋጨት ይሆናል። የሚጠየቅበትማ ሌላ ነገር አለ።

አፈወርቅ ከነጻነት በኋላ ተፈርዶበት ወደ ጅማ ተጋዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1947 እዚያው ሞተ። ጅማ በዚያን ጊዜ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ ነበረች። ስለዚህ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ ዕድሜውን የጨረሰው የከፋን ስም በተሸከመ ግዛት ውስጥ ነው ማለት ነው። ይሄ ድንገተኛ ነገር ነው፤ ምንም አያረጋግጥም። ግን ለኛ ለቦንጋና ለአካባቢው ልጆች አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ጦቢያን ከከፋ ሆኖ ያነበባት ሰው ምን ያያል?

ዓመተ ምሕረቶቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። መጽሐፏ የወጣችው በ1900 ነው። የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር፣ የጅማው አባ ጅፋር ሠራዊት ታክሎበት፣ ከፋን የወጋው በ1889 ነው። የከፋው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ወራት በጫካ ተሸሽገው ከተዋጉ በኋላ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1897 ተያዙ፤ በሰንሰለት ታስረው ተወሰዱ፤ ወደ ዙፋናቸውም ሳይመለሱ እ.ኤ.አ. በ1919 አዲስ አበባ ሞቱ። ከዘመቻው ብዙም ሳይቆይ በዚያ ያለፈው ሩሲያዊው መኮንን ቡላቶቪች የተመለከተውን ጽፏል። ከነወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር የሄደ፣ ጦሩንም የሚያደንቅ ሰው ነው፤ ስለዚህ ለከፋ ሊያዳላ ነው አይባልም። እሱ ግን የጻፈው ሰው ያለቀበትን አገር፣ ሣር የዋጠውን ማሳ፣ በመንገድ ዳር የቀረውን የሰው አጥንት ነው። ከሞት የተረፈው ስንቱ እንደሆነ እየተነዳ ተሸጠ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው እስከ እ.ኤ.አ. 1942 ቆይቶ ነው።

እንግዲህ ይሄን የሚያውቅ አንባቢ መጽሐፏን ሲከፍት ምን ይገጥመዋል? ክርስቲያንና አረመኔ ይዋጋሉ፤ አረመኔው ያሸንፋል፤ ክርስቲያኑ ባርያ ሆኖ ይሸጣል! ነገሩ ተገልብጧል እኮ። አፈወርቅ በጻፈበት ዘመን በደቡብና በምዕራብ ይነዳ የነበረው ማን እንደሆነ አገር ያውቃል፤ በልብ ወለዱ ውስጥ ግን እንባው የሚፈሰው ለጦር አለቃው ቤተሰብ ነው። አንዳንድ ወዳጆቼ «አገሩን ስም አልሰጠውም፤ ከፋ አላለም፤ አንተ ነህ የምታስገባበት» ይሉኛል። እውነት ነው፣ አላለም። አፈወርቅ ከፋን ለመስደብ ተቀምጦ ጻፈ ብዬ የምከራከር ሞኝ አይደለሁም። የምለው ሌላ ነው። ስም የሌለው አገር ለሁሉም እኩል ስም የለሽ አይሆንም። ጎንደር ያደገው ልጅ «አረመኔ» የሚለውን ቃል ሲያነብ የሩቅ ተረት ይታየዋል፤ ቦንጋ ያደገው ልጅ ግን ቃሉን በሌላ በኩል ያውቀዋል፤ ለቅድመ አያቱ የተሰጠ ስም ነው።

በከፋ ደግሞ ቃሉ ሲጀመርም አይገጥምም ነበር። ሕዝቡ የላይኛውን አምላክ በስሙ ይጠራል፤ የመንፈስ አባት የሆኑት አላሞዎች ዳኝነትና ሥርዓት ነበራቸው። ክርስትናም ቢሆን ከጦር ጋር የመጣ እንግዳ አልነበረም፤ በጎረቤት እናርያ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገዥውን ባዳንቾን ከነሕዝቡ አስጠምቀዋል። አስተውሉ፤ አፈወርቅ በመጨረሻው ምዕራፍ የሚተርከው የንጉሥ ጥምቀት በዚያ አገር አንድ ጊዜ በእውነት ተደርጓል ማለት ነው። ግን የእናርያ ገዥ ተጠምቆ የጠበቀው ሰላም ዘላቂ አልሆነለትም፤ በተረት ውስጥ ብቻ ነው ጥምቀትና ሠርግ ሁሉንም የሚዘጋው።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ቆሜ መጽሐፏን አልወረውራትም። ሁለት ነገር ይይዘኛል። አንደኛው ንጉሡ ነው። ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ ሰው ሆኖ የሚታየኝ፣ የሚጨነቀው፣ የሚለወጠው እሱ ነው። የጦር አለቃው ከመነሻ እስከ መድረሻ ያው ነው፤ አረመኔው ግን ይማራል፣ ይራራል፣ ይወዳል። አፈወርቅ ሳያስበው ይሁን አስቦ፣ ከጠላት ወገን የሆነውን ሰው ከወገኑ አብልጦ ሕያው አድርጎታል። ሁለተኛው ባርነት ነው። ልጁን ያጣ አባትና ወንድሟን የምትፈልግ እኅት በየአገሩ ሲንከራተቱ ያነበበ የ1900 ዓ.ም. መኳንንት፣ የዚያው ዓይነት ፍለጋ በሱ ቤት ግቢ በር ላይ እንደቆመ ሊሰማው ይችል ነበር። ተሰማው ወይ? ብዙ አንባቢም አልነበራትም፤ ማንበብ የሚችለው ጥቂት፣ መጽሐፏም ሮማ የታተመች።

ስለ ጦቢያ ራሷ የሴቶቹ ክርክር ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ባጭሩ፣ ልጅቷ ጀግና የምትሆነው ሱሪ እስከለበሰች ድረስ ነው፤ ቀሚሷን ስትለብስ ተረቱ ወደ ሠርግ ይሮጣል። ግን ንጉሥን ቅድመ ግዴታ አስቀምጣ ያዘዘች ሴት በ1900 ዓ.ም. ወረቀት ላይ መቆሟን ማን ይንቃል?

በከፋ ስለ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ የሚተረክ ሌላ ታሪክ አለ። ታስረው ጎጀብን ሲሻገሩ የወርቅ ቀለበታቸውን ከጣታቸው አውልቀው ወንዙ ውስጥ ጣሉት፣ የከፋ ነገሥታት ነገር ከዚህ ላይ አበቃ አሉ ይባላል። ቀለበቱ በእርግጥ ተጥሏል ወይስ ሕዝቡ ለንጉሡ የሰጠው ክብር ነው፤ ለኔ ያ አይደለም ዋናው። ይሄም ልብ ወለድ ታሪክ ነው፣ ቃሉ እንደሚለው ከልብ የተወለደ። ንጉሡ አልተጠመቀም፣ አልተዳረም፣ ሠርግ አልተደገሰም። ባለ ድሉ ያልጻፈው መጨረሻ ነው። ይሄን መሰል የከፋ ወግና ሥርዓት ኦስትሪያዊው ቢበር እ.ኤ.አ. በ1905 አካባቢውን ዞሮ ሰበሰበና በ1920 እና በ1923 በሁለት ወፍራም ጥራዞች አሳተመው፤ በጀርመንኛ። ስለዚህ የኛን አገር ተረት የቪዬና ተማሪ ሊያነበው ሲችል የቦንጋ ተማሪ ለብዙ ዓመታት ከሽማግሌ አፍ ካልሰማ በቀር አልደረሰውም። ሽማግሌዎቹም እያለፉ ነው።

እንግዲህ ጦቢያን እናንብብ ባይ ነኝ፤ ቋንቋዋን እየጠጣን፣ «አረመኔ» የሚለው ቃል ላይ ስንደርስ ግን ቆም ብለን «ማንን ነው?» እያልን። ከጎኗ የጎጀቡ ቀለበት ታሪክ በካፊኖኖም በአማርኛም ተጽፎ ቢቀመጥ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ለዚህ ጽሑፍ መልስ ያለው፣ በተለይ «አንተ ነህ የምታስገባበት» የሚለው ወገን፣ ለሚቀጥለው እትም በአንድ ገጽ ጽፎ ቢያቀብል ቦታ አለ። ከሽማግሌ የሰማው ያለው ደግሞ ከሁለት ገጽም ቢያልፍ ይታተምለታል።