የኪዮቶው የኪስ ጨዋታ
በጃፓን ጥንታዊት ርእሰ ከተማ በኪዮቶ፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1889 አበባ የተሳለበት የመጫወቻ ካርታ በመሥራት የተመሠረተው ኒንቴንዶ፣ ጉንፔይ ዮኮይ የተባለው ጠቢብ ሠራተኛው በባቡር ተሳፍሮ ሳለ አንድ የሰለቸው መንገደኛ የሒሳብ ማሽኑን ቁልፎች ሲነካካ ተመልክቶ ባፈለቀው ሐሳብ፣ በ1980 ጌም ኤንድ ዎች የተሰኘውን፣ ሰዓትንና ጨዋታን ያዋሐደ የኪስ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። የዮኮይ ጥበብ፣ በእኔ አስተያየት፣ አዲስ ነገር ከመፍጠር ይልቅ በሒሳብ ማሽን ብዛት የረከሰውን የፈሳሽ ክሪስታል ማሳያ ለተድላ ማዋሉ ነው፤ በ1982 ዶንኪ ኮንግ በተሰኘው የዚሁ መሣሪያ ዓይነት ላይ የተተከለችው የመስቀል ቅርጽ ያላት መምሪያ ቁልፍም እስከ ዛሬ አልተሻረችም። ምርቱ በ1991 ካበቃ ወዲህ ሰብሳቢዎች ካርቶኑ ያልጠፋውን አብልጠው ይሻሉ (ካርቶን የሚያስቀምጥ ሕፃን ከየት ይገኛል!)። ከቤቱ አንድ ያገኘ አንባቢም፣ ባትሪው ፈስሶ የውስጡን ብረት ሳይበላው አስቀድሞ ያውጣው።