የክፉ ቀን በሬና የከብት በሽታ ምርመራ

በታሪክ ክፍለ ጊዜ ክፉ ቀን በተነሣ ቁጥር ተማሪው የሚያስታውሰው የዝናቡን መጥፋትና የአንበጣውን መውረድ ነው፤ በሬው ይዘነጋል። ይህ ጸሐፊም ለዓመታት ሲያስተምር በሬውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲያልፈው ኖሯል። ሆኖም ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው በዚያ ዘመን የቀንድ ከብቱ በማለቁ፣ ገበሬው የሚጠምደው አጥቶ መሬቱ ጦም አደረ። ከብቱን የፈጀው «ደስታ» የተባለው በሽታ ሲሆን (ስሙና ግብሩ እንዲህ የተራራቀ በሽታ ያለ አይመስልም)፣ የጣሊያን ጦር በምጽዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር እንደ መጣ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ።

የበሽታው መንሥኤ በዚያን ጊዜ በአውሮፓም ቢሆን አልታወቀም ነበር። ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ የሚያልፍ ረቂቅ ተሐዋሲ መሆኑን ኒኮልና አዲል ቤይ በኢስታንቡል ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1902 ነው።

ይሁን እንጂ የመርማሪው የመጀመሪያ መሣሪያ ምንጊዜም ቢላዋ ነው። የሞተውን እንስሳ ከፍቶ በአፉ ውስጥ የተላጠውን ስስ ቆዳ፣ በአንጀቱ መጨረሻ እንደ ሜዳ አህያ የተዥጎረጎረውን ቀይ መስመር ይመለከታል። አፍን የሚያቆስሉና የሚያስቀምጡ ሌሎች በሽታዎችም ስላሉ ግን ዓይኑን ብቻ አያምንም፤ ከጣፊያና ከንፍፊት ናሙና ቆርጦ፣ በበረዶ አሽጎ ወደ ቤተ ሙከራ ይልካል።

ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ሙጉጋ ያዘጋጀው ክትባት በሰፊው ከተሰጠ በኋላ ከባድ ጥያቄ መጣ። በሽታው መጥፋቱ በምን ይረጋገጣል? በተከተበውና ታሞ በዳነው ከብት ደም ውስጥ የሚገኘው ፀረ እንግዳ አካል አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ ምርመራው ሁለቱን ሊለይ አልቻለም። ስለዚህ ክትባቱን አቁሞ፣ ከዚያ ወዲህ የተወለዱትን ጥጆች ደም መመርመር ግድ ሆነ። ቫይረሱ በአንድ ቆላ ተደብቆ ቢሆን ኖሮ መንጋው ያለ መከላከያ ያገኘው ነበር። መርማሪዎቹ ይህን እያወቁ ገቡበት፤ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ሊያስረዱ የሚገባውም በተለይ ይህንኑ ውሳኔ ይመስለኛል።

በኢትዮጵያ በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነበር። አገራችን በ2000 ዓ.ም.፣ ዓለም በሙሉ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ከደስታ ነጻ መሆናቸው ታወጀ። ቫይረሱ ዛሬ በተፈቀደላቸው ጥቂት ቤተ ሙከራዎች ብቻ ተቆልፎ የሚገኝ ሲሆን፣ በአፍሪካ ይህ ኃላፊነት የተሰጠው በቢሾፍቱ ለሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማእከል ነው።