ወታደሩ የለቀቀው ሰፈር

እኛ የፒስጋት ዘኤቭ ነዋሪዎች የጦር ሠራዊቱን ስም ሳንጠራ የምንውልበት ቀን የለም። ከከተማ በቀላል ባቡር ስንመለስ ጊቭዓት ሀታሕሞሼትን፣ የጥይት ኮረብታ ማለት ነው፣ እናልፋለን። ሰፈራችን ስንገባ ይኩቲኤል አዳም የሚባል ፌርማታ አለ፤ ሰውየው ጄኔራል ነበር። ከዚያ ሳዬሬት ዱኪፋት ይመጣል፤ ይሄ የቃኚ ጦር ስም ነው። ቀጥሎ ሔል ሀአቪር አለ፤ አየር ኃይል ማለት ነው። ትልቁ መንገዳችንም ሞሼ ዳያን ነው። ከባቡሩ የሚወርደው ግን ልጇን ከጋን ያወጣች እናት ናት፤ ዳቦና ሽንኩርት ያንጠለጠለ እንደኔ ያለ ሽማግሌ ነው።

ጦርና ሰፈር በአንድ ስም መጠራታቸው ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ልጅ ሆኜ በጎንደር ገጠር ከቄሱ ዘንድ ኦሪት ስንማር፣ በኦሪት ዘኁልቁ ነገዶቹ በአራቱ ማዕዘን፣ በየዓርማቸው፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ ሲሰፍሩ እናነብ ነበር። ግእዙ ትዕይንት ይለዋል፤ ቄሱ በአማርኛ ሲተረጉሙልን ሰፈር ይሉናል። አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በዚሁ መንገድ ነው። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ሲወርዱ መኳንንቱ ከነጦራቸው በየጉብታው ሰፈሩ። ድንኳኑ ጎጆ ሆነ፣ ጎጆው ቤት ሆነ፣ ወታደሩ ሚስት አገባ፣ ጠላ ጠማቂዋና ቀጥቃጩ ተከትለው መጡ፤ የሹሙም ስም የመንደር ስም ሆኖ ቀረ። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ «ሰፈሬ» ሲል፣ ባያስበውም፣ የድሮ የጦር ድንኳን እየጠራ ነው።

ነገር ግን ጦር ከከተማ መሐል ሲቀመጥ ጣጣ አለው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዦች በንጉሡ ላይ ሲነሱ ውጊያው የሆነው ሰው በሚኖርባት በአዲስ አበባ ውስጥ ነው። በሰኔ 1966 ዓ.ም. ደግሞ ከየጦሩ ክፍል የተላኩት ሰዎች ተሰብስበው ደርግን ያቋቋሙት በከተማው እምብርት፣ አራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ውስጥ ነበር። ከዚያ አጥር ጀርባ የተወሰነው ነገር እኛ ገጠር ድረስ መጥቶ ደጃችንን አንኳክቷል። እስከ ዛሬ የአዲስ አበባ ታክሲ ረዳት «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» እያለ ሲጣራ የሚሳፈረው ሰው ምንም አይመስለውም። ስሙ የፌርማታ ስም ሆኗልና።

ኢየሩሳሌምም የዚህ ታሪክ ሀብታም ናት። በያፎ በር በኩል ወደ አሮጌው ከተማ ስትገቡ፣ ከዳዊት ግንብ አጠገብ ቂሽሌ የሚባል ቤት ታገኛላችሁ። ቃሉ የቱርክ ነው፤ ትርጉሙም የወታደር ሰፈር ማለት ነው። የግብፁ ኢብራሂም ፓሻ በ1834 አሠራው፤ ግብፆቹ ሲሄዱ የቱርክ ወታደር ገባበት፤ እንግሊዞች ሲመጡ ፖሊስ ጣቢያና እስር ቤት አደረጉት። ከብዙ ዓመት በኋላ ወለሉ ሲቆፈር የሄሮድስ ቤተ መንግሥት መሠረት ነው የተባለ ግንብ ወጣ፤ ከእሱም የበለጠ የቆየ ግድግዳ ተገኘ። ዛሬ የሙዚየሙ አካል ነው፤ ከፍሎ የሚገባ ሁሉ ያየዋል።

ከሁሉ ይበልጥ ልጽፍበት የምፈልገው ግን የሽኔለር ግቢ ነው። ከሐበሾች መንገድ፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ካለችበት፣ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው። ያች ቤተ ክርስቲያን በአፄ ዮሐንስ ዘመን ተጀምራ በአፄ ምኒልክ ዘመን አለቀች፤ ከዚያ ወዲህ በሠሯት ሰዎች እጅ እንዳለች ናት። ሽኔለር ዕጣው ሌላ ሆነ። በ1860 ዮሐን ሉድቪግ ሽኔለር የሚባል ጀርመናዊ፣ በሊባኖስና በሶርያ በተነሣው እልቂት ወላጆቻቸውን ላጡ የክርስቲያን ልጆች ማሳደጊያ ከፈተበት። ልጆቹ እንጨት ሥራ፣ ብረት ሥራ፣ ኅትመት ይማሩ ነበር፤ ለዓይነ ስውራንም ትምህርት ነበረው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ እንግሊዞች «የጠላት ንብረት ነው» ብለው ወሰዱትና የጦር ካምፕ አደረጉት። በ1948 እነሱ ሲወጡ የእኛ ጦር ገባ፤ እስከ 2008 ድረስም ቆየ። ማሳደጊያው ግን አልጠፋም፤ በሊባኖስና በዮርዳኖስ በዚሁ በሽኔለር ስም ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ።

ስልሳ ዓመት ሙሉ ዙሪያው ያለው ሕዝብ እየበዛ፣ ቤቱ እየጠበበው፣ አጥሩን እያየ ኖረ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል የአገሬ ሰው፤ ጦሩ እያለ የነቀነቀው የለም። ጦሩ ሲወጣ ቦታው ለመኖሪያ ሆነ፤ ረጃጅም ቤቶች ተሠሩበት፣ ከአሮጌዎቹ ሕንጻዎች የሚጠበቁት እንዲጠበቁ ተደረገ፣ የአካባቢው ሃይማኖተኛ ቤተሰቦችም ገቡበት። ከግንባታው በፊት የቅርስ ባለሥልጣን ሲቆፍር ደግሞ የጥንት የወይን መጭመቂያና የሮማውያን ዓይነት መታጠቢያ ቤት ተገኘ፤ ጡቡ ላይ የሮም አሥረኛ ሌጌዎን ማኅተም አለበት። ይህ በ2016 የተነገረ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ከእንግሊዝና ከእስራኤል ወታደር በፊት የሮማ ሠራዊት ጡብ እዚያው አፈር ውስጥ ነበር።

«ባዶ የመንግሥት መሬት» ሲሉ የምጠነቀቀው ለዚህ ነው። የወታደር ግቢ ባዶ መሬት ሆኖ አያውቅም። ከወታደሩ በፊት የነበረ ሰው አለ፤ ከወታደሩ በኋላም የሚጠብቅ ሰው አለ። የእኛዋ ፒስጋት ዘኤቭ ራሷ በ1967 ጦርነት በተያዘ መሬት ላይ በ1980ዎቹ የተሠራች ናት፤ ጎረቤቶቻችን ቤት ሐኒናና ሂዝማ ናቸው፤ የመሬቱ ክርክር ዛሬም አላለቀም። ይህን ማወቅ ቤቴን አያፈርስብኝም፤ የሰው መሬት ታሪክ እንዳለው ግን ያስታውሰኛል።

ለስደተኛም የወታደር ግቢ ባዳ አይደለም። ከ1949 ጀምሮ በመርከብ የመጡት ዓሊም መጀመሪያ ያረፉት ሐይፋ አጠገብ ሻዓር ሀዓሊያ በሚባል ቦታ ነው፤ እሱም የእንግሊዝ ጦር ካምፕ የነበረ ነው። ከሞሮኮ፣ ከኢራቅ፣ ከሩማንያ የመጣ ሰው በሽቦ አጥር ውስጥ ሐኪም እያየው፣ ወረቀት እየጻፈ ሰነበተ። እኛ በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሆነን በአንድ ቀን ተኩል ስንገባ በሆቴልና በመርካዝ ቅሊታ ነው የተቀመጥነው። ቢሆንም የድሮዎቹ ዓሊም ሲያወሩ ወሬያቸው ይገባናል፤ ወረፋውን እናውቀዋለን።

አሁን መንግሥት ትልልቆቹን ካምፖች ከመሐል አገር ወደ ኔጌቭ እያዛወረ ነው። ከቤርሼባ በስተ ደቡብ፣ በአሪኤል ሻሮን ስም የተሰየመ ትልቅ የማሠልጠኛ ከተማ ተሠርቷል፤ ከጽሪፊን የማሠልጠኛ ክፍሎች ወደዚያ ሄደዋል። ጽሪፊንም እንግሊዞች የጀመሩት ካምፕ ነበር፤ አሁን መሬቱ ለመኖሪያ ቤት እየተለቀቀ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ለደቡብ ሥራ ይሄዳል፣ ለመሐል አገር ቤት ይገኛል። እኔም የልጅ ልጄ አግብቶ፣ ደመወዙ ግማሹ ለኪራይ እየሄደ፣ ማሽካንታ የሚሰጠው አጥቶ ሲቸገር አያለሁ። እሱም እንደ አባቱ በጦሩ አገልግሏል። በዘበኝነት ሌሊቱን የቆመበት ግቢ ነገ ቤት ሲሆን መግዣው ለማን ይደርሳል? ዋጋው ለባለ ሀብት ብቻ ከሆነ፣ የሽቦው አጥር ተነሥቶ የብር አጥር ቆመ ማለት ነው።

ስለዚህ ወጣቶቻችንን የምለምነው ነገር አለ። የጦር ግቢ ሲለቀቅ የግንባታው ፕላን ለሕዝብ ይወጣል፤ ተቃውሞ ለማስገባትም የተወሰነ ቀን ይሰጣል። እኛ ሽማግሌዎች በዕብራይስጥ የተጻፈውን የሕግ ቃል አንችለውም፤ እናንተ ታነቡታላችሁ። አንብባችሁ ንገሩን፤ ፊርማ ካስፈለገ እንፈርማለን፣ ዒሪያው ድረስ መሄድ ካስፈለገም ከዘራችንን ይዘን እንሄዳለን። ስትሄዱ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ወጣት ባልና ሚስት የሚችሉት ቤት ስንት ነው? ሁለተኛ፣ ጋን፣ ክሊኒክና የሽማግሌ መሰብሰቢያ ሞዓዶን የት ነው? ሦስተኛ፣ በዚያ ቦታ ከወታደሩ በፊት ማን እንደነበረ የሚናገር ጽሑፍ በሩ ላይ ይቆማል ወይ? ሦስተኛውን «ቤት አያስገኝም» ብላችሁ አትተዉት። እኛም የተወለድንባቸውን መንደሮች ለሌላ ሰው ትተን የመጣን ነን፤ ዛሬ በዚያ የሚኖረው ሰው የአባቶቻችንን ስም ቢያነሣ ምንኛ ደስ ባለን።