የዶዶና ጥያቄዎች

የጥንት ግሪኮች አማልክቶቻቸውን ይጠይቁባቸው የነበሩ ስፍራዎች ሲወሱ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ዴልፊ ይሄዳል። እኔን ለዓመታት የሳበችኝ ግን ዶዶና ነበረች። ምክንያቱ ሆሜር ነው። በኦዲሴይ 14ኛ መጽሐፍ፣ ለማኝ መስሎ አገሩ የገባው ኦዲሴዩስ ለእሪያ ጠባቂው ስለ ራሱ እንደ ሌላ ሰው አድርጎ ያወራለታል፤ ኦዲሴዩስ ወደ ዶዶና ሄዷል ይለዋል፤ ከረጅም ዘመን በኋላ ወደ አገሩ በግልጽ ይግባ ወይስ በስውር፣ የዜውስን ምክር ከባሉጡ ዛፍ ሊሰማ። ወሬው ፈጠራ ነው። ጥያቄው ግን ፈጠራ አይመስልም።

ወደዚያ በተጓዝኩበት ሳምንት ወንድሜ ደውሎልኝ ነበር። የእናታችን ቤት ይሸጥ ወይስ አንተ ተመልሰህ ትኖርበታለህ? አለኝ። አስቤበት እደውልልሃለሁ አልኩት።

ዶዶና በሰሜን ምዕራብ ግሪክ፣ ከዮአኒና ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በቶማሮስ ተራራ ሥር በተዘረጋ ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። መጀመሪያ ዓይን የሚሞላው ቲያትሩ ነው። በንጉሥ ፒሩስ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ሲሆን ወደ 17 ሺህ ተመልካች ይይዝ ነበር። አየሁት፤ አለፍኩት። የመጣሁት ለዛፉ ነው።

ለረጅም ዘመን እዚህ የድንጋይ ቤተ መቅደስ እንኳ አልነበረም። አምላኩ የሚኖረው በባሉጡ ዘንድ ነበር፤ እኛ አድባር ከምንለው ብዙ አይርቅም። በዙሪያው የነሐስ ጋኖች ተደርድረው አንዱ ሲነካ ድምፁ ወደ ሌላው ይተላለፍ ነበር ይባላል። ሆሜር አገልጋዮቹን እግራቸውን የማይታጠቡ፣ በመሬት ላይ የሚተኙ ይላቸዋል። ሄሮዶቱስ ደግሞ ከግብጿ ቴብስ ስለ በረሩ ሁለት ጥቁር ርግቦች የሰማውን ጽፏል፤ አንዷ ወደ ሊቢያ፣ አንዷ ወደ ዶዶና መጥታ ከባሉጡ ላይ በሰው አንደበት ተናገረች ይባላል። እርሱ ራሱ ግን ርግቧን ከግብጽ ተወስዳ የተሸጠች ሴት ናት ብሎ ይተረጉማታል፤ ቋንቋዋ ለአገሬው የወፍ ጫጫታ መስሎት ነው ይላል። በባዕድ አገር አፉን የፈታ ስደተኛ ሁሉ ይህን ትርጉም ሳይወድ አይቀርም።

አሁን በቅጥሩ መካከል የቆመው ባሉጥ በኋላ ዘመን የተተከለ ነው። ጥንታዊው በ4ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ የአረማውያን አምልኮ ሲከለከል ተቆርጧል።

ዶዶናን ከሌሎች የሚለያት ከመሬቷ የወጣው የእርሳስ ቅጠል ነው። (አማርኛችን ማዕድኑንም መጻፊያውንም በአንድ ስም መጥራቱ እዚህ ደስ አሰኘኝ።) ጠያቂው ጉዳዩን በስስ የእርሳስ ቅጠል ላይ በሹል ነገር ጭሮ ይጽፍና ያጥፈዋል ወይም ይጠቀልለዋል። አንዳንዱ ቅጠል የቀድሞው ጽሑፍ ተደምስሶ ለሌላ ሰው ጥያቄ አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ2013 ብቻ ከ4,200 በላይ ጽሑፎች ታትመዋል፤ በ2023 ዩኔስኮ በዓለም መዘክር መዝገቡ አስፍሯቸዋል።

ከተሞችም ይጠይቁ ነበር፤ እኔ ግን ተራውን ሰው ነው የምወደው። አጊስ የተባለ ሰው ብርድ ልብሱና ትራሱ ጠፍተውበት ከውጭ የመጣ ሰው ሰርቋቸው እንደ ሆነ ይጠይቃል። ሌላው በግ ማርባት ያዋጣኛልን? ይላል። ሊሳኒያስ ደግሞ ዜውስንና ዲዮኒን፣ አኒላ ያረገዘችው ልጅ የእኔ ነውን? ብሎ ይጠይቃል። አኒላ ይህ መጠየቁን ታውቅ ነበር? ሰውዬው የተራራውን መንገድ ሲወጣ ምን ብሎ ነግሯት ወጣ?

የብዙዎቹ አጠያየቅ ምን ይሆናል? የሚል አይደለም፤ ይህን ባደርግ ይበጀኛልን፣ ይሻለኛልን? የሚል ነው። ባለሁበት ልቀመጥ ወይስ ወደ ሌላ አገር ልሂድ የሚሉም አሉ። መልሶቹ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ አልተገኙም። ምናልባት በቃል ተነግረው ነፋስ ወስዷቸዋል። ሊሳኒያስ ምን እንደ ተባለ፣ ልጁንም አቅፎ እንደ ሆነ፣ ማንም ሊነግረን አይችልም።

ከዛፉ ሥር ተቀምጬ ደብተሬን አወጣሁ። እርሳስ ይዤ ነበር። የወንድሜን ጥያቄ በእነርሱ አጻጻፍ ልጽፈው ሞከርኩ፤ ወደ እናቴ ቤት ብመለስ ይበጀኛልን? ቅጠሎቹ በነፋሱ ይንኮሻኮሹ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ጠባቂው ከወዲያ ሆኖ የእጅ ሰዓቱን በጣቱ እየመታ አሳየኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወደ በሩ ወረድኩ።